ጓድ ጌታሁን ወርቅ ፍለጋ ጓሳ ላይ ሲያዞረን

ንጋት፣ መካነ ሰላም

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሦስት ነን፤ የዘመቻ ጣቢያችን መሪ ጓድ ጌታሁን፣ አካፋ የተሸከምኩት እኔ፣ እና እትዬ አበቡ። እትዬ አበቡ አገር ጥሎ በሸሸው ባላባት ቤት ወጥ ቤት ነበሩ።

ጓድ ጌታሁን በልጅነቱ አንድ የጀብዱ መጽሐፍ አንብቧል። ልጆች በጭጋጋማ ሜዳ ላይ ምልክት እየተከተሉ ሄደው የወርቅ ሣጥን ያገኛሉ። እዚህ ደግሞ ባላባቱ ሀብቱን ደጋው ላይ ደብቋል የሚል ወሬ ጠላ ቤት ሰማ። ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅሎ “ጥናታዊ ጉዞ” ብሎ ሰየማቸው። ማንበብ ልናስተምራቸው የመጣነው ገበሬዎች ዳስ ውስጥ ሲጠብቁን ይዋሉ።

እትዬ አበቡ የሚያውቁት ጥቂት ነው። ክፉ ቀን ሊገባ ሲል የተጫኑ በቅሎዎች ወደ ጓሳው ሣር ሜዳ ወጥተው ባዶአቸውን ሲመለሱ አይተዋል። ጭነቱ ከባድ ነበር ሲሉት፣ ከወርቅ ሌላ ምን ይከብዳል ብሎ ሳቀባቸው።

ረፋድ፣ ከአስታው ደን በላይ

ከከተማው ቆርቆሮ ጣሪያዎች ወጥተን፣ ጭቃ የያዘው የጭነት መኪና አልፈን፣ የገብሱን ማሳ ጨርሰን ሽቅብ ወጣን። ጣሪያቸው የወደቀ ባዶ ጎጆዎች ተከታትለው ቆመዋል። ጓድ ጌታሁን በአጠገባቸው እያፏጨ አለፈ። እትዬ አበቡ አንዱ ጋ ቆም አሉና የእህታቸው ቤት እንደነበር ነገሩኝ። የራሳቸው ሁለት ልጆችም በዚያው የረሃብ ዓመት ተከታትለው ሞተዋል። ባላባቱ ያን ጊዜ ጎተራዬ ባዶ ነው ብሎ ምሎላቸው ነበር።

አስታው አልቆ ጓሳው ተንጣለለ። ረጅሙ የጅብራ ተክል እዚህም እዚያም ጭጋግ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለመሪያችን የተሰነጠቀ ድንጋይ ሁሉ ምልክት ነው። “እዚህ ቆፍሪ” ይለኛል፤ እቆፍራለሁ። አንዱ ጉድጓድ የጃርት ቤት ሆኖ ተገኘ። እትዬ አበቡ “ጌታዬ፣ ይረፉ እንጂ” ቢሉት፣ ጌትነት መሻሩን ቆሞ አስተማራቸው። ከዚያ ይዘውት የመጡትን ቆሎ ብቻውን በላ።

ቀትር

በረዶ ወረደብንና አንድ ዋሻ ውስጥ ገባን። የዋሻው ጀርባ የተፈጥሮ አለት አልነበረም፤ በድንጋይ ተክቦ በጭቃ ተመርጓል። ጓድ ጌታሁን አካፋውን ነጥቆኝ ግንቡን አፈረሰ። ከኋላው ሰው የሚያህሉ ጎታዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ክንዱን እስከ ብብቱ ከትቶ አወጣና በመዳፉ የያዘውን አየ።

ገብስ ነው። መሬት ላይ በተነው። ሌላውን ከፈተ፣ ያም ገብስ። አሻንጉሊቱን እንደነጠቁት ሕፃን ቁጭ አለ።

እትዬ አበቡ የተበተነውን ለቅመው ጥቂት ቆረጠሙ፣ ዋጡም።

“ልጆቼ ውሃ እየጠጡ ሲሞቱ፣ ይሄ እዚህ ተቀምጦ ነበር” አሉ።

ጓድ ጌታሁን ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ከደሴ ኮሚቴ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ግንቡ ተመልሶ ይደፈን፣ ማንም እንዳይነካው አለ። እትዬ አበቡ ጎታዎቹ መካከል ተቀመጡ። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የሚሉት።

“ድፈነው። እኔንም ከነነፍሴ አብረህ ድፈነኝ።”

እኔም አላማከርኩትም፤ በረዶው ሲያባራ ቁልቁል ሮጬ የቅርቡን መንደር ጠራሁ። ሰዎቹ ስልቻና አህያ ይዘው ወጡ። እትዬ አበቡ አባወራ ከሞተባቸው ቤቶች ጀምረው ለእያንዳንዱ በእጃቸው ሰፍረው ሰጡ። መሪያችን በር ላይ ቆሞ “ሥርዓት፣ ሥርዓት” ይላል። ሥርዓቱን ያጓደለ ግን አልነበረም፤ የሚያለቅሱትም ተራቸውን ጠብቀው ነው።

ማታ፣ መካነ ሰላም

እትዬ አበቡ የደካሞቹን ድርሻ ሳላደርስ አልወርድም ብለው እዚያው ቀሩ። እኛ ቁልቁል ስንመለስ ጓድ ጌታሁን ከመጀመሪያውም የሚፈልገው እህሉን እንደነበር ሊያስረዳኝ ሞከረ። ወርቅ የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። ጣቢያው እንደደረስን ዘማቾቹን ሰብስቦ የባላባቱን የመጨረሻ ምሽግ እንዴት እንዳፈረሰ ተረከላቸው። አጨበጨቡ። ነገ ማን ሄዶ እህሉን ያግዝ የሚል ጥያቄ ሲነሣ እግሩ መላጡን ተናገረ።

ትቼው ወጣሁ። በታችኛው መንገድ አንዲት ሴት አህያ እየነዱ ይመጣሉ። ስልቻው ሙሉ ነው፤ ገብሱን ጥሬውን ይቆረጥማሉ። እፍኝ ዘግነው ሰጡኝ። ተቀብዬ እየቆረጠምኩ እስከ ቤታቸው አብሬያቸው ነዳሁ።