የቱን ፌርሚን እጅ

በጓም ደሴት፣ በኡማታክ መንደር፣ የሽማግሌ እጅ ለሰላምታ አንስቶ የራሱ አፍንጫ ላይ የማያስነካ ልጅ ባለጌ ነው። መንደሩ በአክብሮት «ቱን» የሚላቸው የሽማግሌው የፌርሚን እጅ ግን ቦዲግ የሚሉት በሽታ ካንቀጠቀጣት ወዲህ አልያዝ አለች። እሳቸውም ልጆቹን «ቶሎ ያዟት፤ እንደ ጌታዋ ናት፣ ሲፈልጓት አትገኝም» ይሏቸዋል።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጡንቻ የሚያመነምነው ሊቲኮ የሚሉት በሽታ ተጨመረባቸው። የልጅ ልጃቸው ቪሴንታ ለመንደሩ በዓል መጥታ ጎንበስ ስትል፣ ያቺ ቀበጥ እጅ ጭናቸው ላይ ፀጥ ብላ ተኝታለች።

«አያቴ፣ መንቀጥቀጡ ተወዎት እኮ።»

«ምን ይተወኛል? ሁለት ሌባ አንድ ቤት ገብተው፣ ፊተኛው የሚያንቀጠቅጠውን ሥጋ ኋለኛው ሰርቆበት ነው።»

ቪሴንታ እየሳቀች እጃቸውን አንስታ አፍንጫዋ ላይ አስነካች። መልሳ ልታስቀምጣት ስትል «ትንሽ ያዣት» አሏት። «ካስቀመጥሻት ሌላ ልጅ እስኪመጣ አትነሳም።»