በዝርዝሩ ላይ የሰፈረ እንሰት

«አረንጓዴ» የሚለውን ቃል የምጠላ የአካባቢ ሕግ ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ሆሳዕና ነው፣ ቆርቆሮና ሚስማር ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ። ዋናው እንጀራዬ ኩባንያዎች ለውጭ ገዢዎቻቸው የሚልኩትን የአየር ንብረት ሪፖርት መመርመር ነው። እነሱ ይህን ያህል ጭስ ለቀቅን፣ ይህን ያህል ዛፍ ተከልን ይላሉ። እኔ የተባለው እውነት መሆኑን አይቼ እፈርማለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ንጹሕ ሥራ ይመስላል። ሰው በክራባት ሆኖ ሲዋሽ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ፋብሪካ ሀደሮ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ዛፍ እተክላለሁ ሲል ውሉን ያረቀቅኩለት እኔ ነበርኩ። ገበሬው «በዝርዝሩ ላይ የሰፈሩትን ተክሎች» ሃያ ዓመት እንዳይነቅል፣ ከነቀለ ካሳ እንዲከፍል ይላል ውሉ። ዝርዝሩን ፕሮጀክቱ በኋላ ይሞላዋል ተባለና ባዶውን ተተወ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሪፖርቱን ፎቶ ብቻ እያየሁ ፈረምኩ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ከነከነኝና ተክሉን በዓይኔ ለማየት ወረድኩ።

የመጀመሪያው ቤት የአንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበር። የእኔ የቤት ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእሳቸው ከምባትኛ ስለሆነ በአማርኛ ተነጋገርን።

«ቲቸር፣ ዛፎቹ የት ናቸው?» አልኳቸው።

«ግማሹን ፍየል በላው፣ ግማሹን ፀሐይ ጨረሰው» አሉና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

በስማቸው የተመዘገበው እንሰታቸው ነበር። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ታስሯል። ትንንሾቹ ላይ ሁለትም ሦስትም ፕላስቲክ አየሁ። እንሰት እስኪጠነክር ድረስ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነው የሚያድገው፤ የፕሮጀክቱ ሰው ደግሞ በተዛወረ ቁጥር እንደ አዲስ ተክል ቆጥሮታል። እኔም ያንን ቁጥር ነው ስፈርምበት የኖርኩት።

ሴትየዋ ትልቁን እንሰት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ አበባ ሊያወጣ ነው። አብቦ ከቆየ ሆዱ ባዶ ይሆናል። ልጄ ወሯ ገብቷል፣ የአራስ ቡላዋን ከዚህ ላወጣላት አስቤ ነበር። የፕሮጀክቱ ልጅ ግን ‹ከነቀሉት ይከሰሳሉ› አለኝ።»

ደሜ ፈላ። እንሰት የሚተከለው ተነቅሎ፣ ተፍቆ ሊበላ ነው። ባይነቅሉትም ራሱ አብቦ ይሞታል። ሃያ ዓመት ይቁም ብሎ ማስፈረም እብደት ነው። እዚያው ጓሮ ውስጥ ቆሜ ለፕሮጀክቱ ሰው ደወልኩ።

«ፍየል የበላውን በምን ልተካው? ቁጥሩ መሙላት አለበት» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር። «ሳተላይቱም ቢሆን አረንጓዴ መሆኑን ነው የሚያየው፤ እንሰት ይሁን ዋንዛ አይለይም።»

አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት። ስልኩን ስዘጋ ሴትየዋ «እንግዲህ ልንቀለው?» አሉኝ።

በዚያች ደቂቃ «ይንቀሉት» ማለት ነበረብኝ። ዛፍ ተብሎ የተፈረመ ውል ጓሮ ካለ እንሰት ጋር ምንም እንደማያገናኘው አውቃለሁ፤ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚከሳቸውም አይኖርም። ግን የኩባንያው ጠበቃ ነበርኩና ፈራሁ። የፈራሁት ለእሳቸው አልነበረም፣ ለራሴ ነው። ስለዚህ ድምፄን አለስልሼ፣ «በጽሑፍ እስካስለቅቅልዎ አይንኩት። ጥቂት ቀን ይታገሡኝ» አልኳቸው።

ጥቂቱ ቀን ሁለት ወር ተኩል ሆነ። አንዱ አለቃ ስብሰባ ላይ ነው፣ ሌላው መስክ ወጥቷል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉዳዩ የእኔ አይደለም ይላል። ሥራ አስኪያጁን አንድ ቀን ባገኘው፣ «ገዢዎቹ ቆጮ ምን እንደሆነ አያውቁም። አንተን ምን አስጨነቀህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሪፖርቱን አልፈርምም አልኩ። በመጨረሻ የእንሰቱ ዝርዝር መሰረዙን የሚገልጽ ባለማኅተም ደብዳቤ ላኩልኝና ከእኔ ጋር ያላቸውን ሥራ አቋረጡ። ሪፖርቱን ሌላ ጠበቃ ፈረመላቸው። ሲወጣ አነበብኩት፤ ተሰረዘ የተባለው እንሰት በሙሉ እንደ ዛፍ ተቆጥሯል። እስከ ዛሬ ያንን ፋብሪካ ስሙን መስማት ያቅለሸልሸኛል።

ደብዳቤውን ይዤ ሀደሮ ስሄድ ግን፣ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሥራዬን ያጣሁበት ወረቀት ነው። ጓሮው ውስጥ ስገባ አበባው ከአናቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ቅጠሉ ደርቆ ግንዱ ላይ ወድቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ልጃቸው ከአራስ ቤት ወጥታ ሕፃኑን አቅፋ ደጅ ተቀምጣለች።

ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝ።

«ቡላውንስ ከየት አገኙ?» አልኳቸው።

«ጎረቤቶቼ አመጡልኝ።»

«የእነሱ እንሰትስ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ እንጂ። ሁሉም ነቅለው በሉ፣ ምን አደረጋችሁ ያላቸው የለም» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ጠበቃ ያማከርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»