ምራቁ የደረቀበት አሠልጣኝ

ጎርፍም፣ የመኪና አደጋም፣ ችሎትም ዘግቤያለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ኳስ ሜዳ ላይ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። የአዲስ አበባ አንድ ቡድን አሠልጣኝ አዳዲስ ተጫዋቾች ሊመለምል ወደ ወሎ ሲወጣ፣ ለጋዜጣዬ ልጽፍ አብሬው ሄድኩ። ዕቅዱ መጀመሪያ ከሚሴ፣ ቀጥሎ ባቲ ነበር። ከሚሴ የደረስነው በገበያ ቀን ነው። የከሰዓቱ ሰላት ሲያበቃ ከከተማው ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ጨዋታ ተጀመረ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ዱላውን እየተደገፈ ዙሪያችንን ቆመ።

አሠልጣኙ ወዲያው አንዱን ለየ። ጆንያ ተሸካሚ የሆነ ወጣት ነው። ሁለት ሰው አልፎ፣ ሦስተኛው ሲመጣበት ኳሷን በተረከዙ ወደ ኋላ ይመልሳታል። አሠልጣኙ እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እንዲህ ያለ እግር በዕድሜዬ አላየሁም» አለ።

አጠገባችን የቆሙት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩት። «ማሻአላህ በል እንጂ፤ ዓይን እንዳይበላው።»

የአሠልጣኙ ዓይን ኳሷ ላይ ነበር፤ አልሰማቸውም።

ትንሽ ቆይቶ ወጣቱ ዘሎ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ተጠመዘዘና ወደቀ። አልተነሣም።

ሰዉ የወደቀውን ትቶ እኛን ማየት ጀመረ። ክበቡ ጠበበ። መኪናችን ከሰዉ ጀርባ፣ መንገዱ ዳር ናት።

የወጣቱ እናት ሎሚ ነጋዴ ናት። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ሰዉን ሰንጥቃ ገባች። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» እያለች እግሩን ዳሰሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ማነው ያየው?» አለች። ሰዉ በአገጩ አሠልጣኙን አመለከታት።

«ና፣ እግሩ ላይ እንትፍ በል» አለችው። «በዓይንህ የያዝከውን በምራቅህ ልቀቀው።»

አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ላድርግ?»

«ትፋ» አልኩት።

ተንበርክኮ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። አየር ብቻ ወጣ። ደገመው፤ ምንም የለም። ፍርሃት አፉን አድርቆታል።

«እምቢ አለ እኮ» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። ዱላ ከትከሻ ሲወርድ አየሁ። የእኔም ምላስ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ኮዳዬን ፈትቼ ለአሠልጣኙ ሰጠሁት።

«ውሃውማ የምንጭ ነው» አለች እናቲቱ። «የሱን ነው የምፈልገው።»

ጎንበስ ብላ ፊቱን መረመረች፤ ላቡንም፣ የሚንቀጠቀጠውን አገጩንም። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች። «እምቢስ አላለም። ፈርቶ ደርቆ ነው።» ከዘንቢሏ አንድ ሎሚ አወጣች፤ በጥርሷ ገምሳ ወደ አሠልጣኙ አፍ አስጠጋችለት። «ምጠጥ።»

ፊቱ ተጨማደደ፤ ምራቁ በአገጩ ወረደ። እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለ።

«አሁንስ?» አሉት ሽማግሌው።

«ማሻአላህ።»

«ለካ አፍ አለው» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ፤ ክበቡም ላላ።

ወጌሻ ተጠርቶ መጣ። እግሩን ሲስበው ወጣቱ አቃሰተ፤ ከዚያ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ምራቁ ይሁን ወጌሻው ያዳነው ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ሥራዬ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልደፈርኩም።

አሠልጣኙ ደፈረ። «እናቴ፣ ሲሻለው ልውሰደው?»

«መጀመሪያ ይዳን። አንተም እስከዚያ አፍህን ማሻአላህ ማለት አስለምድ፤ ከዚያ መጥተህ ትጠይቀኛለህ።» ዘንቢሏን ካነሣች በኋላ መለስ ብላ ሁለት ሎሚ ሰጠችን። «ባቲ ልትሄዱ ነው አሉ።»

ባቲ ሜዳ ላይ ከከሚሴው የሚበልጥ ተጫዋች አየን። አሠልጣኙ አፉን ሲከፍት ክርኑን ያዝኩት።

«ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ፣ ሎሚው ላይ ነበር። የእኔም እንደዚያው።