የዋንዛው መዝጊያ

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር የተከራየነው የቀበሌ ቤት ከሐይቁ ብዙ አይርቅም ነበር። በመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ውስጥ ቁም ሳጥን ተሠርቶበታል፤ መደርደሪያው አለ፣ መቃኑ አለ፣ መዝጊያ ግን የለውም። መጋረጃ ሰቀልሁበት። አይጦቹ ለእነሱ ክብር የተሰቀለ ይመስል እየገለጡ ይገቡ ጀመር። ክረምቱን እንደምንም ከታገሥሁ በኋላ መዝጊያ ይግባለት አልሁ።

ባሌ ከእንጨት ሠራተኞች ማኅበር የተዘጋጀውን እንግዛ አለ። ኮምፔርሳቶ ነው፣ ቀላል ነው፣ በብሎን ይያዛል፤ ወደ ሌላ አገር ብንዛወር ፈትተን እንወስደዋለን። ያን ጊዜ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነበር። ግድግዳ ላይ የተመታ ነገር የመንግሥት ነው ስለሚባል፣ ጎረቤቶቻችን መደርደሪያቸውን ጡብ ላይ አስቀምጠው፣ የወጥ ቤት በራቸውን በገመድ አስረው፣ ነገ እንደሚነሣ መንገደኛ ዓመታት ይኖሩ ነበር። እኔ ደግሞ ኮምፔርሳቶ የሐይቁን እርጥበት እንደማይችል ከእናቴ ቤት አውቃለሁ፤ ክረምት ሲመጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። በዋንዛ እናሠራ አልሁ።

ዋንዛው ሩቅ አልነበረም። ጓሯችን ባለው ሰርቪስ ውስጥ፣ የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ከሆኑት አሮጊት፣ እማማ ከምንላቸው፣ አልጋ ጀርባ ተደግፎ ቆሟል። ቤቱን የሠሩት የእማማ ባል ነበሩ። ሳንቃዎቹን ለዚያው ቁም ሳጥን ብለው ከቁንዝላ በጀልባ አስመጥተው፣ እስኪደርቁ ሲጠብቁ ሞቱ። እማማ ትልቁን ቤት አከራይተው ሰርቪሱ ውስጥ ገቡ። አዋጁ ሲመጣ ታዲያ የሚኖሩበት ተተወላቸውና ትልቁ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ተከራይ ሲገባ፣ ተከራይ ሲወጣ፣ ስለ ቤቱ አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው የለም። ሳንቃውን ብዙ ሰው ለምኗቸው እምቢ ማለታቸውን ግን ሰምቻለሁ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ባሌን «መጀመሪያ እሳቸውን እንጠይቅ» አልሁት።

«ምን አግብቷቸው? ቤቱ የቀበሌ ነው» አለ።

ልክ ነበር። ባሌ ልክ ሲሆን ደግሞ ይብሱን ያናድደኛል። ብቻዬን ሄድሁ።

«እማማ፣ የቁም ሳጥኑን መዝጊያ ላሠራ አስቤ ነበር። ቢፈቅዱልኝ፤ ሳንቃውንም ቢሸጡልኝ።»

 ቤቱ ከተወሰደባቸው ወዲህ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

«አልሸጥም» አሉ። «ለተገዛበት ይዋል። ግን ማጠፊያው በምስማር ይመታ።»

«በምስማር ከተመታማ ስንሄድ መውሰድ አንችልም።»

«አዎን። እናንተ ትሄዳላችሁ። ቤቱ የት ይሄዳል?»

ባሌ ይህን ሲሰማ «በገዛ ወጪያችን ለቀበሌ ልናበረክት ነው?» አለ። ለቀበሌ አይደለም አልሁት። ለማን እንደሆነ ግን ጮክ ተብሎ የሚነገርበት ጊዜ አልነበረም።

አናጢው የመጣ ዕለት እማማ በጓሮ በር ገብተው አጠገቡ ቆሙ። ሳንቃውን ሲልገው የዋንዛው ቀለም ብቅ አለ፤ እማማ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። አናጢው እንደ ልማዱ፣ ለተከራይ እንደሚሠራው፣ ተነቃይ ማጠፊያ አወጣ።

«ይኸን መልሰው» አሉት። «አጥብቀህ ምታው።»

ማን እንደሚያዘው ግራ ገብቶት ወደ እኛ ዞረ። ባሌ መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

«እንዳሉህ አድርግ» አልሁት።

መዝጊያው ተገጠመ፤ ቁልፍም ገባለት። አናጢው ቁልፉን ለባሌ ሊሰጥ እጁን ሲዘረጋ እማማ ቀደሙ። ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩትና ወጥተው ሄዱ። ልብሱ የእኛ፣ አንሶላው የእኛ፣ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ!

«አሁንስ አበዛሽው» አለ ባሌ። «ሂጅና ተቀበይ።»

ሄድሁ። እማማ ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር በዚያ ግቢ ስኖር አይቼው አላውቅም፤ ኩራት ነበር። ቁልፉን መጠየቁን ተውሁት።

«እማማ፣ ቢከፍቱልኝ» አልሁ።

ቀስ ብለው ተነሡ። ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው፣ እንደ ማንኛዋም አከራይ፣ «ደግሞ ምን ልታወጭ ነው?» አሉኝ።

«አንሶላ ነው፣ እማማ» አልሁና ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልሁ ወደ ትልቁ ቤት፣ ወደ ቤታቸው ገባሁ።