ለራውል እናት መርዶ ይዤ ወደ ፔሩ

ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ

ፔሩ የሄድኩት አገር ለማየት ሳይሆን መርዶ ለማርዳት ነው። መርዶ ደግሞ በሚስጥር ይያዛልና ትኬት ለምትቆርጥልኝ ሴትዮ አልነገርኳትም። እሷም የተራራና የፍርስራሽ ፎቶግራፍ እየደረደረች ሁለት ሰዓት ሙሉ አደከመችኝ። «ይህን ሳታይማ አትመለስም» ስትለኝ አንገቴን ነቀነቅኩላት።

ራውል ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ባለ የመኪና ማቆሚያ አብሮኝ የሠራ ፔሩዊ ነበር። ስፓኒሽ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከቁልፍና ከጎማ ጀምሮ እስከ ስድብ። ከሦስት ዓመት በፊት የአባቴን ሞት በስልክ ስሰማ፣ ቆሜ የነበረው እዚያው ገንዘብ የምንቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ «አባትህ አርፈዋል» እንዳለኝ መስመሩ ተቋረጠ። ደንበኞች ተሰልፈው መኪናቸውን ይጠብቁ ነበር። እንባ አልመጣልኝም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣልኝም። ያን ቀን እስኪመሽ የእኔንም ድርሻ መኪኖች ያቆመልኝ ራውል ነው።

እሱም ልቡ በድንገት ቀጥ ብሎ ሞተ። በቀበርነው በሁለተኛው ወር በመሥሪያ ቤታችን አድራሻ ከእናቱ ደብዳቤ መጣ፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል። አልሰሙም ማለት ነው አልኩ። በስልክ እንዲሰሙ ግን አልፈለግሁም። ዕረፍት ስጠይቅ ለአለቃዬም የምሄድበትን ደበቅኩት።

ጉዞውን ያቀድነው ከጋሼ ሰይድ ጋር ነው። ወሎዬ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። ፌርፋክስ ላይ ምሳ በልተን ሳህኑ ሲነሳ ካርታውን ዘረጋን። ሴትዮዋ በቀይ ቀለም ከከበበቻቸው ቦታዎች ሊማን፣ አሬኪፓንና ሁሊያካን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሰረዝኩ። ጋሼ ሰይድ ስለ መንገዱ ግድም አልነበራቸው፤ የሚያሳስባቸው አገባቤ ነበር።

«ሶ ብቻህን እንዳትገባ። ፈርስት ጎረቤት ፈልግ፣ ትልቅ ሰው። ንጋት ላይ አብራችሁ ሂዱ። ከዚያ በፊት እንዳያዩህ፤ ፊትህ ይናገራል።»

«ጋሼ፣ እነሱ አገር እንዲህ ይደረግ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

«አንተ ታደርጋለሃ። ኦኬ?»

ከሊማ ወደ አሬኪፓ

ሊማ በጉም ታፍና ተቀበለችኝ። በስደተኛ የጉዞ ወረቀቴ የተነሳ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ግማሽ ቀን ቆምኩ፤ ሹሙ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቶ አያውቅም መሰለኝ ደጋግሞ አገላበጠው። ከዚያ አውቶቡስ ያዝኩ። በቀኝ ባሕር፣ በግራ አሸዋ፤ ሰው ተኝቶ ቢነቃ ያው ባሕርና ያው አሸዋ። ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ሲጋጭ አንድ ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረው።

አሬኪፓ በነጭ ድንጋይ የተሠራች ከተማ ናት፤ በራስጌዋ በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ ቆሟል። ሴትዮዋ በፎቶ ያሳየችኝ ተራራ መሆኑን ያወቅኩት ገበያ ውስጥ ግማሽ ዶላር በማይሞላ ዋጋ የድንችና የበግ ሾርባ ስጠጣ ነው። እውነትም ያምራል። እኔ ግን በስፓኒሽ የምናገረውን ስለማመድ ሾርባው ቀዘቀዘብኝ።

ከሁሊያካ ወዲያ

ደገኛ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። አውቶቡሱ አየሩ ወደሚሳሳበት ከፍተኛ ሜዳ ሲወጣ ግን ራሴን ለሁለት ይፈልጠኝ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የኮካ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ሙቅ ውሃ ሰጠችኝ፤ ትንሽ ተሻለኝ። በመስኮቱ ቢጫ ሣርና አልፓካ የሚሉት አንገተ ረጅም ባለ ጠጉር እንስሳ መንጋ ብቻ ይታያል።

የራውል መንደር የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ጋሼ ሰይድ እንዳሉኝ ወደ ቤቱ ሳልጠጋ ጎረቤት ጠየቅሁ፤ ዶን ኢሲድሮ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ወሰዱኝ። ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ባልና ሚስት ተያዩ። ለምን እንዳልደወልኩ ሲጠይቁኝ የአባቴን ነገር አወጋኋቸው። ዶን ኢሲድሮ «ነገ ንጋት ላይ አብረን እንሄዳለን» አሉ።

ንጋት

በሩን የከፈቱልን አጭር አሮጊት ናቸው፤ ደማቅ ቀይ ሻል ለብሰዋል። የራውል ግንባር የማን እንደሆነ ያኔ አየሁ። እሳቸውን መሃል አስቀምጠው ሽማግሌዎቹ ባልና ሚስት በግራና በቀኝ ተቀመጡ። እኔ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ተናገርኩ። ሻላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። እኔ ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ ቀና ስል፣ በጓዳው በር ጀርባ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ምስማር ላይ ተሰቅለው አየሁ። ቀሚሱ በመለበስ ብዛት ክርኑ ሳስቷል።

ዶን ኢሲድሮ ዓይኔን ተከትለው ነበርና ቀስ ብለው ነገሩኝ። አለቃችን በቀብሩ ሳምንት ሊማ ላለችው የራውል እህት ደውሎ ኖሯል፤ እሷም ለእናቷ በስልክ ነገረች። ደብዳቤው ከሞቱ በፊት ተጽፎ በመንገድ የዘገየ ነው። እኔ የፖስታውን ቀን እንኳ አላየሁም። መምጣቴንና የአባቴን ነገር ማታ ሲነግሯቸው እናትየው «ይህን ሁሉ መንገድ ለዚህ መጥቷል፤ ይንገረኝ» ብለው የሐዘን ልብሳቸውን አወለቁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናትየው እጄን ያዙ።

«አባትህ ማን ይባል ነበር?»

«ተሰማ።»

ስሙን ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ ምልክት ሰጡ፤ ተነስተው በግራዬና በቀኜ ተቀመጡ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አባትህ ተሰማ ሞቷል።»

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት እንባ ያኔ መጣ። ፀሐይ ወጥታ ግቢውን እስክታሞቀው ድረስ ማንም ተው አላለኝም።

ፌርፋክስ

ጋሼ ሰይድ አውሮፕላን ማረፊያ በታክሲያቸው ጠበቁኝ። እግሬ አብጦ ጫማዬን ፈትቼ ተቀመጥኩ።  የሰውን ሐዘን ላቃልል የሄድኩ መስሎኝ ነበር፤ የገዛ ራሴን ሐዘን ተሸክሜ መዞሬን ያወቅኩት የራውል እናት ቤት ነው።

ፌርፋክስ ላይ ሲታጠፉ በመስተዋቱ አዩኝ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው፤» አልኩ፣ «እሳቸውም ነገሩኝ።»