ዝናብ የጠበቀ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ካለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በጤፍ ከረጢቶችና በዘይት ካርቶኖች መሃል ተጨናንቀን ስንመካከር ነበር። የፉአድ አባት ወሎ ውስጥ አርፈዋል። ፉአድ ገና አልሰማም። በዲቪ የመጣ፣ አዛውንቶችን እየጠበቀ የነርስነት ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ ነው፤ የፈቃድ ፈተናውን ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ሊፈተን ቀጠሮ ይዟል።

“ሶ፣ ኤግዛሙን ይጨርስና እንነግረዋለን” አለች ባለሱቋ ሐያት። “አንድ ቀን ምን አላት?”

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፋሁት እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንዲህ ያለ ምክር በእኔም ላይ አንድ ጊዜ ተመክሮ ያውቃል።

ያኔ ሃያዎቹን ገና አላጋመስኩም ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ከድጃ ዘንድ እኖራለሁ፤ እሳቸው ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ያጸዳሉ፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የዝናብ ራዳር አጠናለሁ። ዝናብ በማይዘንብበት ከተማ ስለ ዝናብ መማሬ ለሠፈሩ ሰው ሁሉ መቀለጃ ነበር። ኢንግልዉድ የሚኖሩት ባለታክሲው ጋሽ ሰይድ ባገኙኝ ቁጥር “ይቺ ልጅ በረሃ ላይ ዋና ትማራለች” ይሉኝ ነበር።

ሥራዬን እንዲህ ላስረዳ። ራዳራችን ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል፤ አንዱ ተጋድሞ፣ ሌላው ቆሞ የሚርገበገብ። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲወርድ አየሩ ከሥር ስለሚገፋው እንደ ዳቦ ጠፍጠፍ ይላል። ስለዚህ የተጋደመው ሞገድ በርትቶ ይመለሳል፤ በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት የጠብታውን ትልቅነት፣ ከዚያም የሚወርደውን ውሃ ብዛት እንገምታለን። እሳት በበላው ኮረብታ ሥር ቤት ላለው ሰው ይህ ግምት ዝናቡ የሚንደው ጭቃ ሳይደርስበት መውጣት ወይም አለመውጣት ማለት ነው። ታዲያ ማሽኑ ራሱ አንዱን ሞገድ ከሌላው አብልጦ የሚሰማ ከሆነ፣ ያቺ ትንሽ ዝንፈት የሚለካውን ሁሉ ታበላሻለች። ዝንፈቷን ለማወቅ ቀለል ያለ ዝናብ በራሱ በራዳሩ ላይ ሲወርድ ሞገዱን የሚልከውንና የሚቀበለውን ሳህን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ማቅናት ነው። ከሥር ሆነው ሲያዩት ጠብታ ሁሉ ክብ ነው፤ ሁለቱ ሞገዶች እኩል መመለስ አለባቸው። እኩል ካልመጡ ጉድለቱ የማሽኑ እንጂ የዝናቡ አይደለም።

አባዬ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበር። ይህን በስልክ ስነግረው “ሜትሩ ራሱ ከተለጠጠ ልብሱ ሁሉ ይበላሻል በይኛ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ስደውል ከጤናዬም በፊት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር።

“ዘነበልሽ?”

“አልዘነበም አባዬ።”

“ዱዓ እያስደረግሁልሽ ነው። ደሴ በየክረምቱ በጎርፍ እየተቸገረች እኔ ዝናብ ሳስለምን ሰው አበደ ሊለኝ ነው።”

ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ራዳሩ የተውሶ ነው፤ የዝናቡ ወራት ሲያልቅ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት የሰበሰብነው ልኬት ሁሉ ዝንፈቱ ካልታወቀ የሚጣል ነው፤ የእኔም መመረቂያ አብሮ ይጣላል። ካልተመረቅሁ ደግሞ የመቆያ ወረቀቴ አይታደስም። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር ገባ። ሰማዩ ግን እንደ ታጠበ ሰሃን ንጹሕ ነበር።

አንድ ሳምንት ላይ ትንበያው ዝናብ አለ። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ወጥ ቤት ገብቼ ለእትዬ ከድጃ ነገርኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሳምቡሳ ይጠቀልሉ ነበር። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል።

“ምን ሆኑ እትዬ?”

“የሆቴሉ ክሎሪን ነው። ዛሬ ብዙ መታጠቢያ ቤት ነው የሰጡኝ።”

ለአባዬ ልደውል ስል የስልክ ካርዱ አልቋል አሉኝ። ሳምቡሳውን በፎይል ጠቅልለው አስያዙኝና እስከ በሩ ሸኙኝ። እስከ በሩ ሸኝተውኝ አያውቁም ነበር፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ራዳሩ የቆመው ከሳንታ ሞኒካ በላይ ካለ ኮረብታ ላይ ነበር። እዚያ ከሥራ ባልደረባዬ ከሩበን ጋር ደመናውን ስንጠብቅ አደርን። በማግሥቱ ቀትር ላይ ባሕሩ ጠቆረ፤ ከዚያ ያ ሽታ መጣ፣ የደረቀ ቅጠልና የአቧራ ሽታ። ዝናቡ እንደተመኘነው ሆነ፤ ነፋስ የለው፣ ጥድፊያ የለው፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሳህኑን ወደ ላይ አቀናነው። እየዞረ ይለካል፣ ቁጥሩ ይዋልላል፣ ቀስ በቀስ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል። ዝንፈቱን አገኘነው። ሩበን ሳቀ፣ እኔ ውጭ ወጥቼ ፊቴን ለዝናቡ ሰጠሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሲመሽ ከኮረብታው ሥር ካለው ነዳጅ ማደያ ለእትዬ ከድጃ ደወልኩ።

“እትዬ፣ ዘነበ! ካርድ ገዝተው ለአባዬ ደውለው ይንገሩልኝ፣ ዘነበላት ይበሉት። ሳይሰማ እንዳይውል።”

መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አሉ።

“እሺ የኔ ልጅ” አሉ በመጨረሻ። “ብርድ እንዳይመታሽ።”

ጠዋት መሣሪያውን ሸፋፍነን ሩበን እስከ ቤት አደረሰኝ። መንገዱ ገና እርጥብ ነበር። የጋሽ ሰይድ ታክሲ በራችን ላይ ቆሟል፤ ከደጃፉ ብዙ ጫማ ተደርድሯል። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ የተሰበሰቡ መሰለኝ። እየሳቅሁ ገብቼ “አገኘሁት!” አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጠረጴዛው ከመካከል ተነስቶ ምንጣፍ ተነጥፏል። ያን ጊዜ ገባኝ።

ጋሽ ሰይድ ናቸው የነገሩኝ። አባዬ ያረፈው ትንበያው ከመሰማቱ በፊት ነበር፤ ተቀብሮ፣ ሰው ለቅሶ ደርሶ፣ ሁሉም ካወቀ በኋላ ነው እኔ ዝናብ ስጠብቅ የሰነበትኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። ጋሽ ሰይድ ቶሎ ይነገራት ብለው ነበር አሉ። እትዬ ከድጃ ናቸው እንቢ ያሉት። “ይህን ዝናብ ሲለምን የከረመው እሱ ራሱ ነው። ታግኘው” ብለው።

ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ስንቀር እንዲህ አልኳቸው፦ “እኔ እየሳቅሁ ነበር። አባዬ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ እየሳቅሁ ነበር።”

“አዎ” አሉኝ። “እየሳቅሽ ነበር። የሰማሁሽ እኔ ነኝ።”

በዚያው ወር ሚድ ዊልሻየር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። ያን ዓመት በዚያች ዝንፈት ልኬቱን ሁሉ አርሜ ተመረቅሁ፣ ወረቀቴም ታደሰ። ከእትዬ ከድጃ ጋር ታርቀናል፤ ታመው ሲተኙም ያስታመምኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚያ ሳምንት ግን ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ሳናነሣው ሞት ለየን።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው ሐያት “እትዬ ዘሐራ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?” ብላ የጠየቀችኝ። ይነገረው፣ ፈተናውን መውሰድ አለመውሰዱን እሱ ይወስን ልል ነበር። ክርክሩን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ሰውን ከገዛ ሐዘኑ ማንም ዘግቶ ሊያስቀረው አይገባም የሚል ክርክር ነው። አፌን ሳልከፍት የሱቁ በር ተከፈተና ራሱ ፉአድ ገባ። ውሃና ቴምር ሊገዛ ነው። ሐያት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

“እትዬ ዘሐራ፣ ነገ እኮ ነው ኤግዛሜ። በጠዋት ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ፣ እሺ?” አለኝ እየሳቀ።

መልሱ አንድ ቃል ነው። ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ ኢንሻአላህ ማለት ብቻ ነበር። የልጁን ሳቅ እያየሁ ልለው አልቻልኩም። ያን ጊዜ ነው፣ ከስንት ዘመን በኋላ፣ የእትዬ ከድጃ የስልኩ ዝምታ ትዝ ያለኝ። መርዶውን ከሰማሁ በኋላ ስለ አባቴ ብቻ ነበር የማስበው፤ የእሳቸውም ወንድም መሆኑ ሐሳቤ ውስጥ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ እንዳልሰማ ብለው አንዲት ጊዜ እንኳ ድምፃቸውን አውጥተው አላለቀሱለትም። ሳምቡሳ ጠቀለሉ፣ ሆቴላቸውን አጸዱ፣ ብርድ እንዳይመታሽ አሉኝ።

ፉአድን “ና ቁጭ በል የኔ ልጅ” አልኩትና እጁን ያዝኩ። ትክክል ስለሆነ አይደለም ያደረግሁት። እትዬ ከድጃ ለሟች ወንድማቸው ሳያለቅሱ ዝናቤን ጠብቀውልኛል፤ እኔ ግን በባዕድ ልጅ ፊት አንድ ቃል መዋሸት አቃተኝ።