በሣር ላይ የተማርነው ቀዘፋ

ባለፈው ሰኞ ከየካ ተራራ ግርጌ ያለውን አሮጌ ኩሬ ደፈኑት። የመኪና መንገድ ሊያልፍበት ነው አሉ። ሠራተኞቹ ከጠዋት ጀምረው ድንጋይና ቀይ አፈር እያጋዙ ሲገለብጡበት፣ እኔ ምርኩዜን ተደግፌ ዳር ላይ ቆሜ ዋልሁ። አሠሪው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጨዋ ጎልማሳ ነው። "አባባ፣ ፀሐዩ ይጎዳዎታል፤ ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ እንጂ" ብሎ ሁለት ጊዜ ለመነኝ። እኔ ዱሮም ሰው ሲያዝንልኝ አልወድምና ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውኃው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቶ ጭቃ ብቻ ሲቀር ተመልሶ መጣ። "ይህ ሁሉ አፈር ገብቶበት አልሞላ ያለው፣ ጥልቀቱ ምን ያህል ቢሆን ነው?" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

"ሦስት ሰው ቁመት" አልሁት።

"እንዴት አወቁ?"

ምርኩዜን አንሥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ጥያቄው ግን ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ ዓይኔ ፊደል መለየት ሳያቆም ብጽፈው ይሻላል ብዬ ተቀመጥሁ።

እኔ በወጣትነቴ ቀዛፊ ነበርሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ አይፈረድበትም። ከእንጦጦ እስከ የካ ቢፈለግ ታንኳ የሚያንሳፍፍ ውኃ የት ይገኛል? ወንዞቻችን እንደሆኑ በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ደራሽ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ እላይ እንጦጦ ላይ ነበር። እኛ ከሥር የካ ላይ ሰፍረን የአንድ የጦር አለቃ ሎሌዎች ነበርን። ሎሌ ሲባል ጋሻና ጦር ይዞ የሚንጎማለል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የእኛ ሥራ እንጨት መሸከም ነበር። ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር ገና አልመጣም። የተራራው ጥድና ወይራ ለቤትም ለማገዶም እየተቆረጠ ስላለቀ፣ ግንዱን ከሩቅ ሸለቆ አምጥተን ሽቅብ እናወጣለን። እላይ ስንደርስ ብርዱ ላባችንን ጀርባችን ላይ ያደርቀዋል። የትከሻዬ ጠባሳ ዛሬም ልብስ ስቀይር ይታወቀኛል።

በክረምት ዳገቱ ጭቃ ሲሆን አንድ ዘዴ ነበረን። አራት አራት ሆነን፣ ወገባችንን በአንድ ረጅም የጠፍር መጫኛ እንተሳሰራለን። አንዱን ሲያዳልጠው ሦስቱ እግራቸውን ተክለው ይይዙታል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስደርስ ነበር። ብዙ ሰው ከገደል አትርፏል። እኔንም ሁለት ጊዜ አትርፎኛል፤ በሁለተኛው ጊዜ ጥርሱን ነክሶ የያዘኝ ቱፋ ነበር።

ቱፋ የየካ ተወላጅ ነው። አባቱ ቀደም ብለው ሞተው፣ ከእናቱ ከእማማ ጫልቱ ጋር ጥቂት ላሞች ይዘው ከሰፈራችን በላይ ይኖሩ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁ የሚጋባ ነበር። እኔ በአማርኛ እጀምራለሁ፣ እሱ በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ተሳስተን አናውቅም። በፍስክ ቀን እናቱ የሠሩትን ጭኮ በቀንድ ይዞ ይመጣና ግማሹን ለእኔ ያካፍላል። የገብሱና የቅቤው ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጭኮ አልቀመስሁም።

በአንድ ጥር ወር አለቃችን ሰበሰቡንና፣ መጪው ክረምት ሲወጣ በደቡብ በኩል ደሴት ወዳለበት ሐይቅ እንደሚዘምቱ ነገሩን። ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ታንኳ አራት ሰው ይይዛል፤ መቅዘፍ የለመደ ከእንጨት ሸክም ነፃ ይወጣል። ሌላው ሁሉ ውኃውን አስቦ ወደ ኋላ ሲል፣ እኔ የሰማሁት ስለ እንጨቱ የተባለውን ብቻ ነበር። የቱፋን እጅ ይዤ ብድግ አልሁ። ገብሬና ደምሴ የሚባሉ ወንድማማቾች ተከተሉን። አራት ሞላን።

እንዲያስተምረን የተመደበው አያ ዘለቀ ነበር። ከጣና ዳር የመጣ፣ ፂሙ የሸበተ ወታደር ነው። ችግሩ ወቅቱ ነበር። ኩሬው ሰው ለቤት ምርጊት ጭቃ ሲቆፍር የተፈጠረ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ በመጋቢት መሬቱ ተሰነጣጥቆ እንሽላሊት ይሮጥበታል። አያ ዘለቀ ግን በዚህ የሚሸነፍ ሰው አልነበረም። የወደቀ የጥድ ግንድ ሜዳው ላይ አስጎትቶ፣ አራታችንን እንደ በቅሎ አፈናጠጠን። ከዋንዛ የጠረበውን መቅዘፊያ በየእጃችን ሰጠንና፣ "ቅዘፉ!" አለ።

"ምኑን?" አለ ደምሴ።

"ሣሩን! እጃችሁ ይልመድ እንጂ ውኃው በጊዜው ይመጣል።"

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ሙሉ ሣር ቀዘፍን። እንጨቱን እላይ አድርሰን ከተራራ ስንወርድ፣ በዚያው በደከመ ገላችን ግንዱ ላይ እንወጣለን። ከምንጭ ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ይስቁብን ነበር። "ቀስ በሉ፤ ሐይቁ እንዳይረጨን!" ትለናለች አንዷ። አያ ዘለቀ ፊቱን ሳያዞር፣ "ይሳቁ፤ ውኃ ላይ የሚስቅ የለም" ይል ነበር።

ስልቱን የሚጠራው ቱፋ ነበር። ከኋላችን ተቀምጦ በዚያ ወፍራም ድምፁ "ቶኮ! ለማ! ቶኮ! ለማ!" ሲል፣ አንድ ሁለት በእርሱ አፍ ከበሮ ይሆናል። መዳፋችን ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ የፈነዳው ደረቀ። እኔ ስዝል፣ "አይዞህ ወልዴ፣ አሥር ብቻ ቀረች" ይለኛል። አሥሯ ስታልቅ ሌላ አሥር ይጨምርብኛል። ገብሬ ሲያማርር ደምሴ ይገሥጸዋል፤ ደምሴ ሲደክመው ገብሬ ይሰድበውና ያስቀው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ወራት ሰው የደገፈኝ ጊዜ የለም። ይህን ማለት ዛሬ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው።

ሐምሌ ገባ፤ ኩሬው ሞላ። በእኛ አገር ደንገል ስለሌለ ከረግረጉ ፊላ አጭደን ታንኳ አሰርን። አያ ዘለቀ፣ "ፊላ ውኃ ቶሎ ይጠጣል፤ ብዙ አትቆዩበት" አለን። መጀመሪያ ቀን ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ታንኳውን ከኋላ ይዞልን ነበር። ያን ቀን ነው ሌላ ቱፋ ያየሁት። በሣር ላይ ማንም የማይስተካከለው ሰው መቅዘፊያውን ጥሎ ፊላውን በሁለት እጁ ጨመደደ። ድምፁ ጠፋ። ከንፈሩ አመድ መሰለ። ማናችንም ዋና አናውቅም፤ እኛ ግን እንፈራለን፣ እሱ ሌላ ነገር ነበር የሚሆነው።

አልደበቀንም። "ከሥሬ መሬት ከሌለ እጄ አይታዘዘኝም" አለን።

አያ ዘለቀ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ "ይህን ልጅ ተወው። ሌላ ሰው ፈልግ" አለኝ። ሌላ ሰው የለም አልሁት። በእርግጥም አልነበረም፤ ፍለጋም አልወጣሁም። በሳምንቱ አያ ዘለቀን ንዳድ ጣለው። በዚያው ሰሞን የአለቃችን አጋፋሪ ቅዳሜ ዕለት ሊያየን እንደሚመጣ ተነገረን። አራት ሆነን ኩሬውን ካልተሻገርን ከግንድ ሸክም አንወጣም።

ዓርብ ጠዋት ለመጨረሻ ልምምድ ወረድን። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ገብሬ በነጠላው ጫፍ የቋጠረውን የሽምብራ ቆሎ አካፈለን። ዝናቡ አባርቶ፣ ከእንጦጦ ጫፍ ጉም ቁልቁል ይወርድ ነበር። ቱፋ ዘግይቶ መጣ። መቅዘፊያውን አልያዘም።

"ወልዴ፣ እኔ ልቅርባችሁ" አለኝ።

"ምን ሆነሃል? ነገ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። አልቻልሁም። ግንዱን እሸከማለሁ፤ የአንተንም ድርሻ እሸከምልሃለሁ።"

ይህን ነበር ያለኝ። እኔ ደግሞ ትከሻዬን አሰብሁ። ተራራውን፣ ጭቃውን፣ ገና የሚመጣውን ክረምት ሁሉ አሰብሁ። እጄን አንገቱ ላይ ጥዬ፣ "አይዞህ! እኛ አለን አይደለም እንዴ? መቼ ጥለንህ እናውቃለን?" አልሁት። ወንድማማቾቹም ከግራና ከቀኝ፣ "አይዞህ ቱፋ! አንተ ያልጠራኸው ቀዘፋ ቀዘፋ ይሆናል?" አሉ። በልባችን ክፋት አልነበረም። እግሩ ወደ ውኃው አልነሣ ሲል ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

"በመጫኛው እንተሳሰር" አልሁ። "እንደ ዳገቱ። አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ ይይዙታል።"

ፊቱ በራ። "ገመዱ ካለማ እሺ" አለ። ቋጠሮውን ወገቡ ላይ ያሰርሁለት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ስቤ አጠበቅሁት።

ገብሬ ከፊት፣ ደምሴ ቀጥሎ፣ ከእሱ እኔ፣ ከኋላዬ ቱፋ ሆነን ገባን። አሳምረን ቀዘፍን። "ቶኮ! ለማ!" የሚለው ድምፅ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወፈረ፣ ከዚያ እንደ ሣሩ ላይ ሆነ። ወዲያኛው ዳር ደርሰን ተመለስን። ቱፋ ሳቀ። በደስታ ሰከርንና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዞርን፤ ፊላው ውኃ እየጠጣ መክበዱን ማንም ልብ አላለም። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ መካከል ስንደርስ የታንኳው ግራ ጎን ሰጠመና ሁላችንንም ገለበጠን።

ውኃው እንደ በረዶ ነበር። ገብሬና ደምሴ የተገለበጠውን ፊላ ጨበጡ። እኔ የደምሴን እግር ያዝሁ። ከሥሬ ግን ቱፋ ነበር። ዳገት ላይ ሰው ሲንሸራተት እግርህን መሬት ላይ ትተክላለህ፤ እዚያ የምንተክልበት መሬት አልነበረም። ሲፍጨረጨር መጫኛው ወገቤን እየጎተተ አሰጠመኝ፤ በእኔ በኩል ደምሴን፣ በደምሴ በኩል ገብሬን። ፊላውም አብሮን ይወርድ ጀመር። ቋጠሮዬን ለመፍታት ሞከርሁ፤ ጠፍር ውኃ ሲጠጣ አብጦ ይጠብቃል። ጭኔ ላይ ቢላዋ ነበረኝ። መዘዝሁና ከኋላዬ ያለውን ገመድ ቆረጥሁ።

ከፊቴ ያለውንም መቁረጥ እችል ነበር። ወንድማማቾቹ ይድኑ ነበር፣ እኔና ቱፋ አብረን እንወርድ ነበር። ይህን ያሰብሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የመረጠው እጄ ነው።

እኛን ጩኸታችንን የሰሙ ሰዎች ዘንግ አቀብለው አወጡን። ቱፋን ሲፈልጉ የሰው ቁመት የሚያህል አንድ ዘንግ አልደረሰም፤ ሁለት ቀጥለው አልደረሰም፤ ሦስት ሲቀጥሉ ነው የነካው። ጥልቀቱን የማውቀው እንዲህ ነው።

ሣሩ ላይ ሲያስተኙት እማማ ጫልቱ ደርሰው ነበር። አልጮኹም። ተንበርክከው ከልጃቸው ወገብ የተንጠለጠለውን የመጫኛ ጫፍ አነሡና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ይህን ምን ቆረጠው?" አሉኝ።

"ከሥር ያለ ድንጋይ" አልሁ።

ኩሬው የምርጊት ጉድጓድ ነው፤ ድንጋይ የለበትም። የራሳቸውን ቤት ግድግዳ የመረጉት ከዚያ በወጣ ጭቃ ነው። ቀና ብለው አዩኝና የገመዱን ጫፍ መልሰው ሣሩ ላይ አኖሩት። አያ ዘለቀ በትኩሳቱ ላይ ተነሥቶ ለቀብሩ መጥቶ፣ "ውኃ ላይ ሰው ከሰው ጋር ማን ያስራል?" ብሎ ብቻ ሄደ። ወንድማማቾቹ አይተው ይሁን ሳያዩ፣ እስኪሞቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ክረምቱ ሲወጣ አለቃችን በሌላ አቅጣጫ እንዲዘምቱ ታዘዙ። ሐይቁን ማንም አላየውም። እኔም ወደ ግንዴ ተመለስሁ።

ከብቱ ያለቀበት፣ ሰውም በየመንገዱ የወደቀበት ዘመን መጣ። የእማማ ጫልቱ ላሞች በአንድ ሳምንት አለቁ። አንድ ቀን እፍኝ የገብስ ቆሎ ይዤላቸው ሄድሁ። መደብ ላይ ተኝተው ነበር፤ ቆሎውን አልነኩትም።

"ኢልማ ኮ፣ ቅረብ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ገመዱን የቆረጥኸው አንተ ነህ። ዝም በል፣ እንዳትምልብኝ። ባትቆርጠው አራት ሬሳ ነበር የሚወጣው። እሱን ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ያን ዕለት ጠዋት ቱፋ 'ዛሬስ እቀራለሁ፤ ለወልዴ እነግረዋለሁ' ብሎኝ ነበር የወጣው። ምን ብለህ አስገባኸው?"

"አይዞህ አልሁት፣ እማማ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

አሁን ሰባ ዓመት አልፎኛል። ገመድ መቁረጤን ገና በጎልማሳነቴ ተናዝዣለሁ፤ ውሸቴንም ተናዝዣለሁ፤ የታዘዘልኝን ጾምና ስግደት ፈጽሜአለሁ። የዓርብ ጠዋቱን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ኩሬው በተደፈነ በማግስቱ የዛሬው ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ የሚሆኑ፣ ትሑትና ደግ ቄስ ናቸው። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

"የፈራ ጓደኛዬን አበረታሁት፣ አባቴ" አልሁ።

"እሱማ ጽድቅ ነው" አሉኝ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው። "ኃጢአትዎን ይንገሩኝ።"